አንድ ሰዓት፤ ባሕሩ ሸሽቷል

ጅቡቲ ውስጥ ከምንኖር ኢትዮጵያውያን መካከል የባሕርን ደለል እንደ እኔ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ዛሬም የለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የደረሰብኝ ነገር ሁሉ ከዚሁ እውቀቴ የመጣ ስለሆነ ነው። ትምህርት ቤት የሄድኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን ራሴን በራሴ አስተማርኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ተሳቢ ነድቻለሁ። ወደቡ ዳር ወረፋ ስንጠብቅ ጓደኞቼ መኪናው ጥላ ሥር ጫታቸውን ዘርግተው ካርታ ሲጫወቱ፣ እኔ ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ጠቅልዬ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ እየሸሸ በሚያጋልጠው ሜዳ ላይ እሄድ ነበር። "ጭቃው" የሚል ስም አወጡልኝ። እነሱ ያተረፉት የካርታ ጨዋታ ነው፤ እኔ ያተረፍኩትን ደግሞ እነሆ እየነገርኳችሁ ነው።

ቡላኦስ ገበያ፣ ከአሮጌ ጫማዎች መሐል፣ ሽፋኑ የተገነጠለ የፈረንሳይኛ መጽሐፍ አገኘሁ። ስለ ባሕር ዳር ድንጋዮች የተጻፈ ነበር። በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ ሦስት ጊዜ ጨረስኩት። በሦስተኛው ላይ ሁለት ስህተት አገኘሁበትና በእርሳስ አረምኩት።

ሰው አሸዋ ሁሉ አንድ ይመስለዋል። የጅቡቲ ነጭ አሸዋ ግን የሞቱ ፍጥረታት አጥንት ነው። ኮራል የሚባለው በባሕር ውስጥ ድንጋይ የሚሠራ ጥቃቅን እንስሳ፣ ዛጎል፣ ከጤፍ ቅንጣት የማይበልጡ ባለ ቤት ነፍሳት፣ ሁሉም ሲሞቱ ተፈጭተው ነጭ አሸዋ ይሆናሉ። ያ አሸዋ ዘመን ሲጫነው የኖራ ድንጋይ ይሆናል። ጥቁሩ አሸዋ ሌላ ነው፤ እሳተ ገሞራ ከተፋው ድንጋይ ተፈጭቶ ጎርፍ የሚያመጣው ነው። የምለያቸው በሎሚ ነው። ቆንጥሬ አንድ ጠብታ ሳደርግበት ነጩ ይፈላል፣ ጥቁሩ ዝም ይላል። ሁለተኛው መሣሪያዬ ጥርሴ ነው። ደቃቅ አሸዋ ጥርስ ላይ ይንኮሻኮሻል፤ እውነተኛ ጭቃ እንደ ቅቤ ያልፋል። መምህራን ይህን በማሽን ይሠሩታል አሉ። እኔ ማሽን አላስፈለገኝም።

ጀርባዬ ሲያስቸግረኝ መኪናውን ትቼ ካርቲየ 4 በሚባለው ሰፈር አንድ ክፍል ተከራየሁ። ከዚያ ወዲያ ሥራዬ ይኸው ብቻ ሆነ። በወር ሁለት ጊዜ፣ የጠዋቱ የባሕር ሽሽት ትልቅ በሚሆንበት ሰሞን፣ ሁለት ክንድ የሚሆን የፕላስቲክ ቧንቧ ይዤ እወርዳለሁ። ቧንቧውን ደለሉ ውስጥ መትቼ አስገባዋለሁ፤ አፉን በእጄ ደፍኜ ስስበው የባሕሩ ታሪክ ጥቁርና ነጭ ተነባብሮ ይወጣል። ቧንቧው ሲመታ ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ለአሥራ አንድ ዓመት አንድ ጓደኛዬ ነበር።

የትራንዚት ቢሮ ጸሐፊ ነው፣ በዕድሜ ከእኔ ብዙ ያንሳል። የሾፌሮቻችንን ወረቀት ወደ ፈረንሳይኛ መመለስ የዕለት እንጀራው ነበር። ሾፌሩ "ሦስት ሰዓት ገባሁ" ሲለው፣ እጁ ሳያስብ "ዘጠኝ" ብሎ ይጽፋል፤ የእኛን ሰዓት ወደ ፈረንጅ ሰዓት ማዞር ለእርሱ እንደ መተንፈስ ነበር። "ጋሼ" ይለኛል፣ "እርስዎ" ይለኛል። እኔም በደብተሬ ላይ ሁልጊዜ እንዲህ እጽፍ ነበር፦ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የባሕሩን ሁኔታ፣ ቆመው ያየኋቸውን መርከቦች፣ በመጨረሻ "ቧንቧውን የያዘው" ብዬ የእርሱን ስም። መርከቦቹን የምጽፈው ውሃውን ስለሚያደፈርሱ ነው። ስሙን የምጽፈው ደግሞ ሥራዬ የታወቀ ቀን እርሱም አብሮ እንዲታወቅ ነበር።

ካለፉት ዓመታት በአንዱ ቧንቧዬ አዲስ ነገር ይዞ ወጣ። ከነጩ አሸዋ ላይ አራት ጣት የሚሆን ግራጫ ጭቃ ተኝቷል። በሎሚ አይፈላም፤ በጥርስ እንደ ቅቤ ያልፋል። ከዚያ ባሕር ዳር የተወለደ አልነበረም። መርከብ እንዲገባ ከሌላ ቦታ ተቆፍሮ በጀልባ እየተጫነ የሚደፋ ጭቃ መሆኑን ለማወቅ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ከሥሩ ኮራሉ ታፍኖ ሞቷል። ዓሣ አጥማጆቹ ዓሣው የት እንደሄደ እርስ በርስ ሲጠያየቁ ነበር የከረሙት፤ መልሱን የነገርኳቸው እኔ ነኝ።

ከእነሱ ጋር ደብዳቤ አዘጋጀን። ጭቃው ሌላ ቦታ ይደፋ፣ ለሚመለከተው ሁሉ፣ የሚል ነበር። ሠላሳ አንድ ዓሣ አጥማጅ አሻራውን አደረገበት። ፈረንሳይኛ እናገራለሁ፣ አነባለሁ፤ መጻፉ ግን አያምርልኝም። ስለዚህ ደብተሬን ለጓደኛዬ ሰጠሁት። ልኬቶቼ ባማረ ፈረንሳይኛ ተጽፈው ከደብዳቤው ጋር እንዲያያዙ ፈለግሁ። በሳምንቱ ሊመልስልኝ ነበር።

በሳምንቱ የመጡት ሌሎች ሰዎች ናቸው። ሦስት ነበሩ፣ የሲቪል ልብስ የለበሱ፣ ጨዋዎች። ደለሉን የማስቀምጥባቸውን ጠርሙሶቼን ሁሉ በካርቶን አሰናድተው ጫኑ። አንደኛው ክዳን ከፍቶ አሸተተና ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ጭቃ ነው አልኩት። መልሶ ከደነው።

ያሰሩኝ ባሕር አጠገብ ባለ አሮጌ ቤት ነው። ክፍሏ አምስት እርምጃ በአራት ናት። አንድ ቢጫ ጄሪካን፣ ሁለት ምንጣፍ፣ ከጣሪያው ሥር የእጅ መዳፍ የምታክል መስኮት። ሙቀቱ ልብስን ከጀርባ ጋር ያጣብቃል። በመስኮቷ ቁራ ይጮሃል፣ ሲመሽና ሲነጋ አዛን ይሰማል። እኔ ግን ገና በሩ ሳይዘጋ ያየሁት ግድግዳውን ነው። ኖራው በተላጠበት ቦታ ድንጋዩ ላይ እንደ አንጎል የተጠማዘዘ መስመር አለ። የኮራል ድንጋይ ነው። የድሮ ሰዎች ከባሕር እየፈለጡ ቤት ይሠሩበት ነበር። ባሕር ውስጥ ነው ያሰሩኝ ብዬ አሰብኩ፤ ትንሽም ደስ አለኝ።

ምንጣፉ ላይ አንድ ዓሣ አጥማጅ ተቀምጦ ነበር፣ አፋር ነው፣ የእኔ እኩያ። ከባሕር ዳር አውቀዋለሁ። አየኝና አውራ ጣቱን ቀጥ አድርጎ አሳየኝ። ቀለሙ ገና አልለቀቀም ነበር። ሁለት ቀን አላናገረኝም። በሦስተኛው ቀን ከካርቲየ 4 ምግብ ቤት ከሚመጣልኝ ሩዝ ላይ ሎሚዋን አንስቼ፣ ግድግዳውን በማንኪያ ፍቄ፣ ዱቄቱ ላይ ጠብ አደረግሁ። ዱቄቱ ፈላ። ጎንበስ ብሎ አየው። አያቱ ይህን ድንጋይ ከባሕር ይፈልጡ እንደነበር ነገረኝ፤ ምናልባት ይህንንም። ከዚያ በኋላ ተነጋገርን። አረብኛ፣ ሶማልኛና የእጅ ምልክት እየቀላቀልን ነበር የምናወራው።

ልነግራችሁ የፈለግሁት ግን አራተኛውን ቀን ነው።

ጠዋት ወደ ሹሙ ክፍል ወሰዱኝ። ደከም ያለ፣ ሸሚዙን በደንብ የተኮሰ ሰው ነበር። አንድ በፈረንሳይኛ የተተየበ ወረቀት አነበበልኝ። በእነዚህ ቀናት፣ ከሌሊቱ በእነዚህ ሰዓታት፣ በባሕር ዳር ቆሜ መርከቦችን እቆጥር ነበር ይላል። ከሥሩ ሌላ ወረቀት አለ፤ የእምነት ቃል ነው። ሌሊት ሌሊት መርከብ እንደምሰልል፣ ሠላሳ አንዱ አሻራ ያደረጉ ሰዎችም ረዳቶቼ እንደሆኑ ይናገራል። ብፈርም በማግሥቱ አውቶቡስ ላይ ተሳፍሬ ወደ አገሬ እሄዳለሁ፤ ነገሩም ለእኔ እዚያ ያበቃል። ለእነዚያ ሰዎች ግን እዚያ ይጀምራል። ከሰዓት በኋላ አስተርጓሚ እንደሚመጣ ነገረኝ። አስተርጓሚ አያስፈልገኝም አልኩት። ሕጉ ያስፈልጋል ይላል አለኝ።

ወደ ክፍሌ ስመለስ ራሴን ተጠራጠርኩ። ሌሊት ወርጄ አላውቅም። ለዓሣ አጥማጁ የተነበበልኝን ነገርኩት፤ ከሌሊቱ በዚህ ሰዓት፣ ያቺ ከወደቡ መብራት ወዲያ ያለችው ሜዳ ላይ ቆመህ ነበር ይሉኛል አልኩት። ፈገግ አለ። ከታሰርን ወዲህ የመጀመሪያው ነበር።

"በዚያ ሰሞን፣ በዚያ ሰዓት?" አለኝ። "በምን ነበር የምትተነፍሰው፣ ሽማግሌው?"

ያኔ ገባኝ። በራሴም ደርሼበት ነበር፤ እርሱ ትንሽ ቀደመኝ እንጂ። ደብተሬ ላይ የጻፍኩት በእኛ አቆጣጠር ነው። "ሰኞ፣ አንድ ሰዓት፣ ባሕሩ ሸሽቷል" ይላል። ከጠዋቱ አንድ ማለቴ ነው፤ ፈረንጆች ሰባት የሚሉት። ተርጓሚው ግን አንዱን አንድ ብሎ ትቶታል፤ የፈረንጅ አንድ ደግሞ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ያልኩትን እኩለ ሌሊት፣ ሁለት ያልኩትን የሌሊት ሁለት አድርጎታል። ከሁሉም ላይ ስድስት ሰዓት ጎድሏል። ባሕር ደግሞ ሲሸሽና ሲሞላ መካከሉ ስድስት ሰዓት ነው። በጠዋቱ አንድ ሰዓት ቁርጭምጭሚቴን የማያርሰው ሜዳ፣ ከዚያ ስድስት ሰዓት ቀደም ብሎ ከራሴ በላይ ውሃ አለበት።

የኢትዮጵያን ሰዓት የማያውቅ ሰው ተርጉሞታል ብዬ ደመደምኩ። ደብተሩን ከጓደኛዬ ቢሮ ቀምተው ለሌላ ሰው ሰጥተውታል ብዬ አሰብኩ። እንዲያውም አዘንኩለት፤ እርሱንም በሌላ ክፍል አስረውት ይሆናል አልኩ። ምሳዬን ከዓሣ አጥማጁ ጋር ተካፍዬ በላሁ። ጥሩ ምግብ ነበር።

ከሰዓት በኋላ የሹሙን በር ሲከፍቱልኝ አስተርጓሚው ቀድሞ ተቀምጧል። ጓደኛዬ ነበር።

ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፣ ጢሙን ተላጭቷል። ፊት ለፊቱ የተተየበው ወረቀት አለ፤ በየገጹ ግርጌ የተርጓሚው ፊርማ አለበት። ያንን ፊርማ በሾፌሮች ወረቀት ላይ ለዓመታት አይቼዋለሁ። አላየኝም፤ ወይም ያየው ከትከሻዬ በላይ ያለውን ግድግዳ ነው።

ሹሙ ጠየቀ፣ እርሱ ወደ አማርኛ መለሰው።

"በእነዚህ ሰዓታት እዚያ ምን ትሠራ ነበር?"

"ትሠራ" አለኝ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ እንዲህ ሲለኝ የመጀመሪያው ነበር።

ደለል እሰበስብ እንደነበር፣ ሰዓቱ የጠዋት እንደሆነ፣ በእኛ አቆጣጠር እንደጻፍኩት በቀስታ ነገርኩት። እርሱም ወደ ሹሙ ዞሮ በፈረንሳይኛ፣ ጭቃ እሰበስብ ነበር ይላል፣ ሰዓቱን ግን በደንብ አላስታውስም ይላል አለ። በጆሮዬ ሰማሁት። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ተሳስቷል የሚል አንድ ቀጭን ክር ይዤ ነበር። እዚያ ላይ ተበጠሰ።

ወረቀቱን ወደ እኔ ሳብኩት። ዓይኔ በመስመሮቹ ላይ ሄደ። ቀኑ አለ፣ መርከቦቹ አሉ። የባሕሩ ሁኔታ የለም። "ቧንቧውን የያዘው" የሚለው መስመር በአንድም ገጽ የለም።

"ያን ሰኞ ቧንቧውን ማን ነበር የያዘልኝ?" አልኩት በአማርኛ።

ወረቀቱን በጣቱ አስተካከለ። ሹሙ ምን አለ ብሎ ጠየቀው፤ ውሃ ይፈልጋል አለው። ውሃ መጣ።

"ፈርምና ይለቅ" አለኝ ብርጭቆውን ወደ እኔ እየገፋ። "ነገ አውቶቡስ ላይ ነህ። ድሬዳዋ ትገባለህ፣ ዘመድ አለህ።" ከዚያም ድምፁን ዝቅ አደረገ። "የመኖሪያ ፈቃዴ እነሱ እጅ ነው። ልጆች አሉኝ፣ ጋሼ።"

ጋሼ ያለኝ እዚያች ላይ ብቻ ነው።

ልጆቹን አውቃቸዋለሁ። በጠርሙሶቼ ላይ ስም የምትጽፍልኝ ትልቋ ነበረች፤ የእጅ ጽሑፏ ቆንጆ ነው። አንድ ነገር ብቻ መናገር ይበቃኝ ነበር፦ ይህ ሰው ከእኔ ጋር ነበር፣ ሰዓቱን ከእኔ እኩል ያውቃል። ደብተሬን አምጡና ስሙን አንብቡት። ያን ብል እኔ እወጣለሁ፣ ዓሣ አጥማጆቹም ይድናሉ፣ እርሱ ደግሞ በእኔ ምንጣፍ ላይ ይተኛል። ምስክር ሆኖ መቆጠር ያለበት ሰው ግን ይህ አልነበረም። የተሻለ ምስክር ነበረኝ።

ወደ ሹሙ ዞርኩና በፈረንሳይኛ ተናገርኩ። የወደብና የጋራዥ ፈረንሳይኛ ነው፤ ግን የራሴ ነው፣ ማንም አልሰጠኝም። ከወረቀቱ ላይ የፈለገውን ቀን ራሱ እንዲመርጥ ጠየቅሁት። በዚያ ቀን፣ እዚያ በተጻፈው የሌሊት ሰዓት፣ ባሕሩ የት እንደነበር በወደቡ የሙላትና የሽሽት ሠንጠረዥ ላይ ይመልከት። ከዚያ ስድስት ሰዓት ጨምሮ እንደገና ይመልከት።

ስልኩን አወጣ። አንድ ቀን መረጠ፣ አየ። ሌላ መረጠ። ሦስተኛውን ሲያይ መነጽሩን አደረገ።

"ሙሉ ነው" አለ ለራሱ።

"ሁለት ሜትር" አልኩት። "እኔ ጀርባውን የሚያመው ሽማግሌ ነኝ፣ ክቡር ሹም። ውሃ ውስጥ ቆሜ መርከብ አልቆጥርም።"

ስድስት ጨምሮ ተመለከተ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ጓደኛዬ ዞረ፣ ቀጥሎም ወደ እኔ። "ይህ ሰው የእናንተን ሰዓት አቆጣጠር ያውቃል?" ብሎ ጠየቀኝ።

የጓደኛዬ ላብ ከጆሮው ሥር ወርዶ ኮሌታው ላይ ሲያርፍ አየሁ። እጁ ወረቀቱ ላይ ነበር። ቧንቧ ሲይዝ የማይንቀጠቀጥ እጅ ነበር፤ ለዚያ ነበር የመረጥኩት።

"ስለ ባሕር ጠይቀኝ" አልኩት ሹሙን። "ስለ ሰው አልመሰክርም።"

እስክሪብቶ ለመንኩ፤ የምፈርም መስሎት ሰጠኝ። የእምነት ቃሉ ግርጌ፣ ፊርማዬ በሚያርፍበት ባዶ ቦታ ላይ በአማርኛ ጻፍኩ፦ "ሰዓቶቹ የጠዋት ናቸው። ባሕሩ ሸሽቶ ነበር።" ከሥሩ ፈረምኩ። ሹሙ ምን እንደሚል ጠየቀ። ጓደኛዬ ለጥቂት ጊዜ ተመለከተው፤ ከዚያ ቃል በቃል፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ ተረጎመለት። ጥሩ ተርጓሚ መሆኑን ሁልጊዜም አውቅ ነበር።

በማግሥቱ ዓሣ አጥማጁን ለቀቁት። ሲወጣ የተረፈችውን ሎሚ አንስቶ በግድግዳው ላይ ጨመቃት፤ ዘበኛው ምን እያደረገ እንደሆነ አልገባውም። እኔ ስለ ደብዳቤው ብለው ሌላ አሥራ ሰባት ቀን አቆዩኝ። ስወጣ መታወቂያዬንና ቀበቶዬን መለሱልኝ። ደብተሬንና ጠርሙሶቼን አልመለሱም። የት እንዳሉ አሁንም አላውቅም።

ከወራት በኋላ ጓደኛዬን እዚሁ ጅቡቲ፣ ምኒልክ አደባባይ አገኘሁት፣ ከአንድ ካፌ በረንዳ ሥር። ሲያየኝ ከወንበሩ ተነሣ። ዕድሜዬን ያከበረ ሰው አነሣሥ ነበር።

"እርስዎ የጻፉትን ነው እንዳለ የተረጎምኩት፣ ጋሼ" አለኝ። "አንዱን አንድ ነው ያልኩት።"

ልጆቹ ደኅና መሆናቸውን ጠየቅሁት። ደኅና ናቸው አለኝ። የትልቋ የእጅ ጽሑፍ አሁንም ያምር እንደሆነ ልጠይቀው ፈልጌ ተውኩት። መንገዴን ቀጠልኩ።

ሰዎች ስለ እስሩ ሲጠይቁኝ ስለ ሙቀቱ እንዳወራላቸው ይጠብቃሉ። ሙቀቱን ነድቼበት የኖርኩት ነው። እኔን የሚያስነቃኝ ሌላ ነው፤ ጓደኛዬ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ቆሞ፣ ቧንቧውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ "ይምቱ ጋሼ፣ ይዣለሁ" ሲለኝ እሰማዋለሁ። በትክክል አንድ ሰዓት ላይ። ፀሐይ ወጥታ ነበር።

አሁን ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። የሠራሁትን ልዘርዝርና ላብቃ።

አሻራ ካደረጉት ሠላሳ አንድ ሰዎች፣ አብሮኝ ከታሰረው ዓሣ አጥማጅ በቀር፣ ማንም አልታሰረም።

በሐሰት የቀረበልኝን ቃል አልፈረምኩም።

ጭቃው ዛሬም ይደፋል፤ ግን ራቅ ብሎ ነው። ነጩ አሸዋ ከግራጫው ላይ አንድ ጣት ተኩል ያህል መልሶ ተኝቷል። የለካሁት እኔ ነኝ።

የጠፋውን ደብተር ከራሴ አውጥቼ እንደገና ጻፍኩት፤ ከማስታውሰው ውስጥ የተሳሳትኩት ያለ አይመስለኝም።

አንድ ሹም የኮራልን ድንጋይ በሎሚ መለየት ከእኔ ተምሯል። የመጨረሻው ቀን ላይ ራሱ ጠይቆኝ ነው።

ሰዓቱን አሁንም በእኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

"ቧንቧውን የያዘው" በሚለው ቦታ ላይ የራሴን ስም እጽፋለሁ።